የጓሮ ጉርጥ ፎቶ ማንሳት (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)፦ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

የጓሮ ሰው | ሰኔ 24፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ዝናቡ ከጠና ወዲህ ግቢያችን ለጉርጦች ተለቋል ማለት ይቻላል። ያለሁት ሽምብጥ ነው፤ ከሐይቁ ብዙ አንርቅም። ቀን አንድም አይታይም። ሲመሽ ግን ከማንጎው ሥር፣ ከቦኖው ዙሪያ፣ ከሁሉም በላይ ከበረንዳው አምፖል ሥር ይወጣሉ። ትልልቆቹ መዳፍ ይሞላሉ። ጥሩ ፎቶ ላነሳቸው እፈልጋለሁ።

ያለኝ አሮጌ ካኖን ከነ 18-55 ሌንሱ ነው። ፍላሹን ሳበራ እርጥብ ቆዳቸው ላይ ነጭ ነጭ ብልጭታ ይቀራል፤ ዓይናቸው ይጠፋል። ፍላሹን ሳጠፋ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ቆሜ ቁልቁል ሳነሳ ደግሞ ጉርጡ ከጠጠሩ አይለይም። ምን ይሻላል?

ሁለተኛው ጥያቄ የካሜራ አይደለም። አከራያችን እትዬ ትናንት ማታ ጨው ይዘው ሲወጡ ደርሼ ለመንኳቸው። «ጉርጥ እባብ ጠሪ ነው፤ ልጆቹንም ኪንታሮት ያወጣባቸዋል» ይላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፊት ለፊት መከራከር ይከብዳል። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ሠርግ አንሺው | ሰኔ 24፣ ከምሽቱ 4፡55

የመጀመሪያውን ለእኔ ተወው። እንጀራዬ ሙሽራ ማንሳት ነው፤ በሚያዝያ ሙቀት ላብ ካቸፈቸፈው ፊት ጋር ስታገል ስለኖርኩ ብልጭታን አውቀዋለሁ።

ከካሜራው አናት ላይ በቀጥታ የሚወጣ ጠባብ ብርሃን እርጥብ ነገር ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብርሃኑን አስፋው፤ ወደ ጎንም አዛውረው። ተነቃይ ፍላሽ ከሌለህ የካሜራህን ፍላሽ እርሳውና የእጅ ባትሪ ያዝ። ባትሪውን በነጭ ሶፍት ሁለት ሦስት ጊዜ ደርበህ ሸፍነውና ከጉርጡ በስተጎን ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዘው። ወደ ጉርጡ ባስጠጋኸው ቁጥር ብርሃኑ ይለሰልሳል። የሚረዳህ ሰው ካለ ሌላ ደካማ ብርሃን ከኋላ በኩል ያስነካልህ፤ ያን ጊዜ የቆዳው ጉብታ ሁሉ ለየብቻው ይነበባል።

ቁጥር ከፈለግህ ሌንሱን 55 ላይ አድርገህ በእጅ ባትሪ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ አካባቢ ጀምር። ጉርጥ አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው፤ በዚህ ከሙሽራ ይሻላል። ካሜራውን መሬት ላይ ካሳረፍከው 1/15 እንኳ ይሠራል። ተነቃይ ፍላሽ ከተዋስክ ደግሞ ኤፍ 8፣ 1/160፣ አይኤስኦ 400 አድርገው። ያ ሌንስ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ መቅረብ ይችላል፤ ለጉርጥ ይበቃል። ሌላ ሌንስ አትግዛ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን መተኛት ነው። ማዳበሪያ አንጥፍና በሆድህ ተኛ፤ ሌንሱ ከዓይኑ ትክክል ይሁን። ፎከሱን ዓይኑ ላይ እንጂ አፍንጫው ላይ አታድርግ። ልብስህ ይጨቀያል፤ ሌላ መንገድ የለም።

ባለ ስልኳ | ሰኔ 24፣ ከምሽቱ 5፡20

ካሜራ የሌለንስ? እኔ ያለኝ ቴክኖ ስልክ ነው። ስጠጋ የጉርጡ አፍንጫ ይተልቅና ገላው ይጠፋል።

ሠርግ አንሺው | ሰኔ 24፣ ከምሽቱ 5፡31

አትጠጊ እህቴ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በዪና ምስሉን በስልኩ ሁለት እጥፍ አቅርቢው። ዓይኑን በጣትሽ ተጭነሽ ያዢ፣ ፎከሱ ይቆለፋል፤ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትተሽ ቀንሺው። አንድ ዘዴ ልጨምርልሽ። ስልኩን ዘቅዝቀሽ ያዢው። ሌንሱ ከላይ የነበረው ከታች ይሆንና መሬት ይነካል። ሳትተኚ የጉርጡን ፊት ለፊት ታገኛለሽ። ሥዕሉ ተገልብጦ ቢወጣ በኋላ ይቃናል። ለመብራት የሌላ ሰው ስልክ በነጭ ፌስታል ሸፍነሽ ተጠቀሚ።

መምህሩ | ሰኔ 25፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ስላላየሁ እኔ ልግባበት። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በየክረምቱ ይህንኑ ክርክር ከተማሪዎቼ ወላጆች ጋር እገጥማለሁ።

ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ነው። የጉርጥ ጉብታ ግን በሽታ አይደለም፤ የቆዳው ዕጢ ነው። በደንብ ካያችሁት ከዓይኑ ኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ሞላላ እብጠቶች አሉት። መርዙ ያለው በዋናነት እዚያ ነው፤ ሲጨመቅ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢነካ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ዓይንና አፍ ከገባ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ልጅ ከነካው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ አበቃ።

ጨዉን በተመለከተ፣ ጉርጥ በአፉ ውኃ አይጠጣም። በሆዱ የታችኛው ክፍልና በጭኑ መካከል ያለው ስስ ቆዳ ውኃውን ይመጥለታል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተለጥፎ የምታገኙት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰነስ ከውስጥ ያለውን ውኃ ይስበዋል፤ እንስሳው በሕይወት እያለ ይደርቃል። ይህን ለእትዬ ሲነግሯቸው በክርክር አይሁን፤ ትልቅ ሰው በአንድ ማታ አይረታም። «ጨዉ ውድ ነው» ብለው ይጀምሩ።

እባቡ ላይ እውነታቸውን ነው፤ በከፊል። ጉርጥ የሚበሉ እባቦች አሉ። ነገር ግን እባብ ግቢ የሚገባው ይበልጡን ለአይጥ ነው፤ የሚያድረውም ከተከመረ ማገዶ፣ ከድንጋይ ክምርና ካልታጨደ ሣር ውስጥ ነው። ጉርጡን ገድሎ የማገዶ ክምሩን መተው ምንም አይፈይድም።

የፋሲሎ እናት | ሰኔ 25፣ ከቀኑ 6፡40

መምህር፣ ንግግርዎ ያማረ ነው፤ ግን እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ዛሬ ጉርጥ ነው፣ ነገ ያ የሚበላው ይከተላል። እኛ ያደግነው እየጠረግን፣ እያጸዳን ነው። ማታ ወጥ ቤት ልገባ ስል በእግሬ ልረግጠው ምንም አልቀረኝም። በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ያለበት ቤት ነው። ፎቶ ለማንሳት የምትተኙት ወንዶች ቤቱን የምትጠርጉት እናንተ አይደላችሁም።

ዘጌ ቡና | ሰኔ 25፣ ከምሽቱ 2፡05

እትዬ ያሉት ይገባኛል። እኛ ዘጌ ውስጥ በቡናው ሥር ከጉርጥ ጋር አብረን ስላደግን ነው መሰል አይቀፈንም። በቡናው የረገፈ ቅጠል ሥር ቀን ተቀብሮ ይውላል፤ እየኮተኮትክ ታገኘዋለህ።

ጥያቄው ፎቶ ከሆነ ግን ስለ አሸን የተናገረ የለም። የምታነሱበት ቀን ያ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ባባራበት ምሽት ክንፍ ያለው ምስጥ ከመሬት ስንጥቅ እየፈላ ወደ አምፖል ይጎርፋል፤ ክንፉን እየጣለ ይወድቃል። በዚያ ማታ ጉርጥ አይሮጥም፣ አያድንም። አምፖሉ ሥር ቦታ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ምስጡ ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ገላው ሳይነቃነቅ ራሱን ብቻ ያዘነብላል። ከዚያ የኋላ እግሩ ረጅሙ ጣት ቶሎ ቶሎ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እኔ ያንን ጣት ነው የምጠብቀው፤ ካየሁት እጫናለሁ። ምላሱ ወጥታ ስትመለስ ዓይን አይይዛትም፤ ፎቶውም ብዙ ጊዜ አይይዛትም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለሁሉም ሰው ይበቃል። አፉ ጥርቅም ይላል፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ አንድ የምስጥ ክንፍ በከንፈሩ ጥግ ተጣብቆ ይቀራል፣ በፊት እግሩ ይጠርገዋል። ወዲያው ቀጣዩ ይመጣል።

መምህሩ | ሰኔ 25፣ ከምሽቱ 2፡40

ይህ በጣም ጥሩ ነው። የዓይኑ መስመጥ ለመዋጥ ነው፤ ዓይኖቹ ወደ አፉ ጣሪያ ወርደው ምግቡን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ምላሱም እንደ እኛ ከኋላ ሳይሆን ከአፉ ፊት ለፊት የተያያዘ በመሆኑ ተዘርግቶ ወደ ውጭ ይወረወራል።

አንድ ማሳሰቢያ። ጉርጡ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ከቆመና ገላውን ከነፋ ፈርቷል ማለት ነው። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች ይባላል፤ ጉርጥ ግን ሲነፋ የሚያውቀው አለው፣ እባብ መዋጥ እንዲያቅተው ነው። እንዲያ ሲሆን ካያችሁት ፎቶው ቢያምርም ወደ ኋላ በሉ። አንስታችሁ ቦታ አታዘዋውሩት፣ ቅጠል ላይ አስቀምጣችሁ አታስጊጡት። የግድ መንካት ካለባችሁ እጃችሁ ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት እንዳይኖር፤ ያ ቆዳ ውኃ እንደሚመጥ ሁሉ ኬሚካልም ይመጣል።

ውሻ ወዳጅ | ሰኔ 26፣ ከጠዋቱ 12፡50

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። ውሻችን ማታ ጉርጥ በአፉ ይዞ ወዲያው ጣለው። አረፋ ደፈቀ፣ ምላሱን እያወጣ በመዳፉ አፉን ይጠርግ ነበር። አሁን ተኝቷል፣ ደህና ይመስላል። ምን ማድረግ ነበረብን?

መምህሩ | ሰኔ 26፣ ከጠዋቱ 1፡30

አፉን በብዙ ውኃ ማጠብ። ራሱን ወደ ጎን አዘንብላችሁ፣ ውኃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይውጣ እንጂ እንዲውጠው አታድርጉ። ድዱንና ምላሱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። አረፋ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በዚያው ያልፋል። ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሳይውል ሳያድር ውሰዱት። ሽንቱንም ለሚፈሩት፣ ጉርጥ ሲያነሱት የሚሸናው ለማምለጥ ነው፤ መርዝ አይደለም።

ፎገሬው | ሰኔ 26፣ ከምሽቱ 3፡00

እናንተ ስለ አምስት ስድስት ጉርጥ ታወራላችሁ። ወረታ ኑ። የፎገራ ሩዝ ማሳ ውኃ ሲይዝ ማታ የሚሰማው ጩኸት ስልክ አያስወራም። አብዛኛው የእንቁራሪት ድምፅ ነው፤ የጉርጥ ድምፅ ወፍራምና ቀስ ያለ ነው፣ ይንኮራኮራል፣ ይቆማል፣ ይደግማል። ልጆች ሆነን ድምፁን እየተከተልን በፓውዛ እንፈልጋቸው ነበር። እትዬን ለማሳመን ደግሞ ወባን ያነሱ፤ ጉርጥ ያለበት ግቢ ትንኝ የለበትም።

መምህሩ | ሰኔ 26፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ ፎገሬው፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ግን እውነት አይደለም፤ እትዬም ነገ ትንኝ ሲነክሳቸው እኛን ይታዘቡናል። ጉርጥ የሚበላው በመሬት ላይ የሚሄደውን ነው፤ ጉንዳን፣ ምስጥ፣ ጢንዚዛ፣ አባጨጓሬ፣ ትል። ለጓሮ አትክልት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወባ ትንኝ ግን በራሪ ናት፣ በብዛትም አትደርስበትም። ለወባ መፍትሔው አጎበር ነው። ባሕር ዳር ላይ በዚህ መቀለድ አይገባም።

የጓሮ ሰው | ሐምሌ 3፣ ከምሽቱ 5፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማዳበሪያው ላይ ተኝቼ፣ ባትሪውን በሶፍት ሸፍኜ፣ ከበረንዳው ደረጃ ጋር ካሜራውን አሳርፌ አነሳሁ። ፎቶዎቹን ከታች ለጥፌያለሁ። ሦስተኛውን አስተውሉት፤ ዓይኑ ወርቃማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ብሌኑም አግድም የተኛ ነው። ቆሜ ሳይ ይህ ሁሉ አይታየኝም ነበር።

መምህር፣ ዝርያው ምንድን ነው? ጉሮሮው ጥቁር የሆነና ነጭ የሆነ አለ፤ ሁለት ዓይነት ናቸው?

መምህሩ | ሐምሌ 4፣ ከጠዋቱ 1፡00

ሦስተኛው ፎቶ ግሩም ነው። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጉሮሮው የጠቆረው ወንዱ ነው፣ ነጩና ተለቅ ያለችው ሴቷ ናት። ከጀርባው የተጣመሩ ጥቁር ጠቃጠቆዎች፣ ከዓይኑ ኋላ ካሉት ረጃጅም ዕጢዎችና ነጠብጣብ ከሌለው ነጭ ሆዱ በመነሣት፣ የተለመደው የአፍሪካ ጉርጥ ነው እላለሁ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ስክሌሮፍሪስ ሬጉላሪስ። በድሮ መጻሕፍት «ቡፎ ሬጉላሪስ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ለእርግጠኝነት የጭኑን ጀርባ አንሱልኝ፤ ቀይ ካለው ሌላ ዝርያ ነው።

ለእኛ ለጣና ልጆች የሚያስደስት ነገር አለው። ይህ ጉርጥ በ1833 እ.ኤ.አ. ሮይስ የተባለ ጀርመናዊ ለሳይንስ ሲገልጸው ናሙናው የመጣው ከግብፅ ነው። ዛሬ ሽምብጥ ጓሮ ውስጥ የምታነሱትና በካይሮ ዳርቻ በዓባይ መስኖ ቦይ ውስጥ የሚጮኸው ያው ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ የእንቁራሪትና የጉርጥ ወገን ከ70 በላይ ዝርያ አለ፤ ከሲሶ የሚበልጠው ከሀገራችን ውጭ አይገኝም። ባሌ ተራሮች ላይ የምትኖር ትንሽ ጉርጥ አለች፣ ከዚያ ሌላ በዓለም የላትም። የእኛው ግን ዓለም አቀፍ ተጓዥ ነው፤ ብርቅ ባይሆንም ከነሙሉ ክብሩ ነው።

ሠርግ አንሺው | ሐምሌ 4፣ ከጠዋቱ 3፡10

በርታ! ሦስተኛው ላይ ግን ብርሃኑ ከፊት ነው የመጣው፤ ከጎን ቢሆን ኖሮ የዕጢው ጥላ ይወጣ ነበር። አራተኛው ላይ ከኋላው ያለው ቢጫ ጀሪካን ሁሉንም ነገር በላው። ከመተኛትህ በፊት ከጉርጡ ኋላ ያለውን ተመልከት። ጀሪካኑን አንሳ፣ ጉርጡን ሳይሆን።

ባለ ስልኳ | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 2፡45

የእኔም ጉዳይ መጣ። ከቤት ጀርባ የተውነው አሮጌ ሳፋ ዝናብ ሞልቶት ነበር። ዛሬ ጠዋት ልደፋው ስል ውስጡ ረጅም ዝልግልግ ክር አየሁ፤ ጥቁር ጥቁር ፍሬ እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶበታል፣ ሳፋውን ዞሮ ዞሮ ሞልቶታል። የጉርጥ ዕንቁላል ነው? ልድፋው ወይስ ልተወው? ልብስ ማጠቢያዬ ነው።

ዘጌ ቡና | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 3፡05

የጉርጥ ነው። እንቁራሪት ብዙ ጊዜ በክምር ነው የምትጥለው፤ በክር የምትጥለው ጉርጥ ናት።

መምህሩ | ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 7፡20

አትድፊው እባክሽ። አንዲት ጉርጥ በሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች፤ ለአቅመ ጉርጥ የሚደርሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ጥቁር ልጆች ይወጣሉ፤ በሳምንታት ውስጥ እግር አውጥተው፣ ጅራታቸው ጠፍቶ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ሆነው ይወጣሉ። ለፎቶ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ሳፋውን ከፀሐይ ወደ ጥላ አስጠጊው፤ የቧንቧ ውኃ አትጨምሪበት፣ ክሎሪኑ ይጎዳቸዋል፤ የዝናብ ውኃ ጨምሪ። አንድ ድንጋይ ከውኃው በላይ ብቅ እንዲል አድርገሽ አስቀምጪ፤ እግር ያወጡት መውጫ ካጡ ይሰምጣሉ። ሳሙና የነካው ነገር ፈጽሞ አይግባበት።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ የቆመ ውኃ ለትንኝም ቤት ነው። በየማታው ሳፋውን በአሮጌ አጎበር ሸፍኚው፣ ቀን የትንኝ እጭ ካየሽ በማጥለያ አውጪ።

ባለ ስልኳ | ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 8፡00

እሺ መምህር። እናቴ «ልብስ በምን ልታጥቢ ነው?» ብላለች። አዲስ ሳፋ ሊገዛ ነው፤ ጉርጦቹ ወጪ አስከተሉብኝ።

ፎገሬው | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 1፡35

እኔ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ በኩል ከልጅነቴ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ቀንሷል። ለአትክልትና ለጫት የሚረጨው መድኃኒት በዝናብ ታጥቦ ኩሬ ይገባል። ኩሬው ላይ ተኝተው የሚያድጉት እነዚህ ጅራታሞች ምን ይሆናሉ ብላችሁ ነው? ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሏል፤ ጥሩ ነው። ግን ወረቀቱ ሐይቁ ዳር ያለውን ደንገል ከመታጨድ አላዳነውም፤ እንቦጩም ከዚያ በፊት ገብቶ ተስፋፍቶ ነበር። ከመርጫው የተረፈውን ውኃ ቦይ ውስጥ የሚደፋ ሰው አይቼ ተናግሬው «ለእንቁራሪት ብለህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሠርግ አንሺው | ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2፡00

የእኔ ቁጭት አስፋልቱ ነው። ዝናብ ባደረበት ጠዋት በዘንባባው መንገድ ስሄድ በባጃጅ ጎማ የተደመሰሰ ጉርጥ አይቼ የማላልፍበት ቀን የለም። ሙቀቱን ፈልገው ማታ አስፋልቱ ላይ ይወጣሉ። ለባጃጅ ሾፌሮች ምን ትላቸዋለህ? ቀስ ብለህ ንዳ ስትለው «ደንበኛዬ ይቸኩላል» ይልሃል። ደንበኛው እኔ ስሆን ግን አልቸኩልም፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ዘጌ ቡና | ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጎማ ብቻ አይደለም። በሐይቁ ዳር አርጃኖ አለ፤ ጉርጥ ሲያገኝ አይምርም። አንዱን ከደንገሉ ጥግ ሲያባርር አይቼ ካሜራ አልነበረኝም። ጉርጡ ተነፍቶ ቆመ፤ አርጃኖው አልተሳሳተም፣ ዋጠው። መምህር፣ መንፋቱ ለእባብ እንጂ ለአርጃኖ አይሠራም።

መምህሩ | ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለሁሉም ቢሠራ ኖሮ በከተማው ውስጥ ከጉርጥ በቀር የሚተርፍ አይኖርም ነበር።

የጓሮ ሰው | ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡30

የጭኑን ጀርባ አነሳሁ፤ ቀይ የለውም። እትዬ ሦስተኛውን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው አራርቀው፣ አቅርበው አዩና «ዓይኑ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጨዉን ትተው መጥረጊያ ይዘዋል። ከደረጃው በላይ የወጣውን ሁሉ እየጠረጉ ወደ ማንጎው ይመልሱታል። እሱም ተመልሶ ይመጣል።

መምህሩ | ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡50

ይመለሳል። ጉርጥ ቤቱን ያውቃል፤ አርቀው ቢወስዱት እንኳ ወደለመደው ስፍራ የመመለስ ችሎታ አለው። በዚያ ላይ አምፖሉ አለ፣ አምፖሉ ካለ ምስጥ አለ።

የፋሲሎ እናት | ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 5፡10

ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ያምራሉ፣ አልክድም። ግን የእኔ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ከወጥ ቤቴ እንዴት ነው የማስወጣቸው? አምፖሉን አጥፍቼ ሌባ ልጥራ?

ዘጌ ቡና | ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 6፡00

አያጥፉት የፋሲሎ እናት። አምፖሉን ከወጥ ቤቱ በር ላይ አንሥተው ወደ ውጭው በር፣ ወደ አጥሩ ጥግ ያዛውሩት። ምስጡ ወደዚያ ይሄዳል፣ ጉርጡም ይከተለዋል፤ ሌባውም የሚታየው እዚያው ነው። ከወጥ ቤቱ በር ሥር ደግሞ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው ይድፈኑት፤ በር ሥር ያለች ክፍተት ለጉርጥ ሰፊ መንገድ ናት። ከገባ ባልዲ ጎን አስተኝተው በመጥረጊያ ወደ ውስጥ ይግፉት፤ በእጅ መንካት አያስፈልግም።

ሠርግ አንሺው | ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 6፡15

አጥሩ ጥግ ሲሰበሰቡ ይጥሩኝ፣ ማዳበሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። ጉርጥ ከነልጆቹ በአንድ መብራት ሥር አንስቼ አላውቅም።

የፋሲሎ እናት | ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 6፡40

አምፖሉን የሚያዛውርልኝ ካገኘሁ እሺ። ኤሌክትሪክ የምትችል ከሆነ ና፤ ያኔ ከፈለግህ እዚያው ከእነሱ ጋር ተኛ።